«ቲቸር፣ እናቴን ምን ብዬ ልጥራት?»

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ልደታ አካባቢ ባለ አንድ ኮሌጅ ውስጥ ነው። የኮሌጁን ስም አልጠቅስም፤ የልጅቷንም ስም ቀይሬዋለሁ። የሰማ ሁሉ «ተይው፣ እርሺው» ይለኛል። መርሳት ብችል ኖሮ ባልጻፍኩት።

አስተማሪ ለመሆን ኮሌጅ የገባሁት አርባን ካለፍኩ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት አረብ አገር ብዙ ዓመት በሰው ቤት ሠርቻለሁ። ስሄድ ልጄ ገና ድክ ድክ ማለት መጀመሯ ነበር። ሰንጋ ተራ ለምትኖረው ታላቅ እህቴ ሰጥቻት ሄድኩ። እህቴ ከራሷ ልጆች ሳትለይ አሳደገችልኝ፣ አላህ ይስጣት። ልጄ ግን እሷን «እማዬ» እያለች አደገች። እኔ ስደውል «አክስትሽ ናት፣ አናግሪያት» ይሏታል፤ ልጅቷ እንዳይከፋት ብለው ነው። ስመለስ ኤርፖርት መጥታ «አክስቴ፣ እንኳን ደህና መጣሽ» ብላ ሳመችኝ። አሁን ማን እንደሆንኩ አሳምራ ታውቃለች፤ አፏ ግን ለምዶታል።

እዚያ በነበርኩበት ቤት የማዳሜን ልጆች የማስጠናው እኔ ነበርኩ። ቁጥሩንም የእንግሊዝኛ ፊደሉንም ያስለመድኳቸው እኔ ነኝ። ሥራውን የወደድኩት ያኔ ነው። የሰው ልጅ ማስተማሬ ካልቀረ በአገሬ ላስተምር ብዬ ተመዘገብኩ። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ሱቅ ያለው ወንድሜ ክፍያውን ቻለልኝ። «አንዴ ከወደቅሽ ግን በቃ፣ መጥተሽ ሱቅ ትቀመጫለሽ» አለኝ። ወንድሜ ቀልድ አያውቅም።

የመጀመሪያ ቀን ክፍል ስገባ መምህሯ መስያቸው ሁሉም ጸጥ አሉ። ሄጄ ኋላ ወንበር ላይ ስቀመጥ በሳቅ ፈረሱ። ከዚያ ወዲያ ስሜን የጠራ የለም፤ «ማዘር» ሆኜ ቀረሁ። እኔም ምን ላድርግ፣ አቤት አልኩ።

ከሁሉም የቀረበችኝ ሜሮን የምትባል ልጅ ናት። ምሳ አብረን ነበር የምንበላው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከኔ ሳህን። አንድ ቀን ስለ ልጄ አጫወትኳት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚባለው እውነት ነው። ሜሮን አብራኝ አለቀሰች፤ ሶፍት አውጥታ አይኔን የጠረገችልኝ እሷ ናት።

ፈተና ሲደርስ ከኋላዬ ተቀምጣ ወንበሬን ትመታ ጀመር። እንዳስኮርጃት ነው። ከተያዝን ሁለታችንም እንባረራለን ብዬ ፈራሁና ወረቀቴን በክንዴ ሸፈንኩ። ስንወጣ «ማዘር፣ ቆይ፣ አሳይሻለሁ» አለችኝ። የልጅ ኩርፊያ ነው፣ ይበርድላታል ብዬ ተውኩት።

በኛ ኮሌጅ እውነተኛ ትምህርት ቤት ለልምምድ ከመላካችን በፊት እዚያው ክፍላችን ውስጥ ለጓደኞቻችን እናስተምራለን። እነሱ የአንደኛ ክፍል ልጆች ሆነው ይቀመጣሉ፤ ያለቅሳሉ፣ ይረብሻሉ፣ ይጠይቃሉ። መምህሩ ከኋላ ሆኖ ማርክ ይይዛል። ደንቡ፣ የመጣ ቢመጣ አስተማሪነትሽን ለአፍታም መተው የለብሽም ነው። ተናደሽ ከተሳደብሽ ወይም ጥለሽ ከወጣሽ ወደቅሽ። ለኔ መውደቅ ማለት ደግሞ ሱቅ ነው።

በዕጣ የደረሰኝ ርዕስ «ቤተሰቤ» ነበር። ካርቶን ላይ አባት፣ እናት፣ እህትና ወንድም ስዬ ሄድኩ። ስዕሌ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ አባትየው ዘበኛ ነበር የሚመስለው። ቢሆንም ጥሩ ጀመርኩ። አንዱ ሽንቴ መጣ አለ፣ አስወጣሁት። አንዷ እናቴ ናፈቀችኝ ብላ አለቀሰች፣ አባበልኳት። መምህሩ ራሱን በአዎንታ ሲነቀንቅ አየሁት።

የእናትየዋን ስዕል ከፍ አድርጌ ሳሳይ ሜሮን እጇን አወጣች። በሕፃን ድምፅ እየተኮላተፈች ጠየቀችኝ።

«ቲቸር፣ እኔ እማዬ የምላት አክስቴን ነው። የወለደችኝ አሁን ከአረብ አገር መጣች። እሷን ምን ብዬ ልጥራት?»

ክፍሉ በኩልትፍናዋ ሳቀ። ለስንቱ እንደነገረችው አላውቅም፤ አጠገቧ ያሉት ሁለቱ ግን አንገታቸውን ደፍተው የሳቁት በኩልትፍናው እንዳልነበር ገብቶኛል። ደሜ ፈላ። ስዕሉን ፊቷ ላይ ወርውሬ ልወጣ ምንም አልቀረኝም። ቀና ስል መምህሩ እስክሪብቶውን ይዞ መልሴን ይጠብቃል።

ፈገግ አልኩ። ከየት እንዳመጣሁት እኔም አላውቅም።

«እንደለመድሽው ጥሪያት፣ የኔ ቆንጆ» አልኳት። «እናት ማለት ያሳደገች ናት።»

በዚህ ትለቀኛለች ስል ሜሮን እጇን ሳታወርድ «እሷስ አታዝንም?» አለች።

«አታዝንም።»

ከዚያ የወንድምየውን ስዕል አነሳሁ። ትምህርቱን እስከ መጨረሻው ጨረስኩ፤ ምን እንዳልኩ ግን አንዱም ትዝ አይለኝም።

መምህሩ አስተያየት ሲሰጥ ያልታሰበ ጥያቄ በእርጋታ መለስሽ ብሎ አመሰገነኝ። ቀጥሎ ሜሮንን አስነሳና እውነተኛ ልጅ እንዲህ ነው የሚጠይቀው፣ አጨብጭቡላት አለ። ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበላት። ሁሉም ወደኔ ሲያይ እኔም አጨበጨብኩ። ኮሪደር ላይ ደርሳብኝ «ማዘር፣ ጨዋታ እኮ ነው፤ እንደውም ማርክ አስገኘሁልሽ» አለችኝ። ውሸት አልተናገረችም።

የዚያን ቀን ማታ ልጄ ማለፌን ከወንድሜ ሰምታ ደወለችልኝ። ደስ ብሏት ድምፅዋ ይዘላል። «አክስቴ፣ ምን ጠየቁሽ?» አለችኝ። ቀላል ነገር ነው አልኳት።

አሁን አንደኛ ክፍል አስተምራለሁ። ልጆቹን እወዳቸዋለሁ፤ ሥራዬንም እወደዋለሁ። ወንድሜ በረመዳን ሜሮንን አፉ በያት ብሎ ለመነኝ፤ አላልኳትም፣ የምልም አይመስለኝም። መንገድ ላይ ሳያት እሻገራለሁ።

በሷ መናደድ እንኳን ቀላሉ ነው። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ አታዝንም ያልኩት ግን እኔ ነኝ። የልጄን እናትነት በገዛ አፌ ለእህቴ ሰጥቼ ማርክ ተያዘልኝ። ከክፍሉ ሁለተኛ ወጣሁ።