መርዶ የሚያረዳት ሰው

እትዬ ዘመነች አከራዬ ናቸው። ቤታቸው ቤቴል ነው፤ በራቸው ላይ ሽንኩርትና ቃሪያ ይሸጣሉ። ሰው ተጠራጣሪ ይላቸዋል። እኔ የምጽፈው ያየሁትን ብቻ ነው፤ ጽሑፍም ብዙ አይሆንልኝም።

ባላቸው ጋሽ ወልደጊዮርጊስ ካረፉ ሁለት ወር አለፈ። ልጃቸው ፀሎት ቤይሩት ሰው ቤት ትሠራለች፤ አልሰማችም። መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ነው በጠዋት ሄዶ የሚያረዳው፣ ይዞም የሚያስለቅሰው። እዛ ማን ይሂድላት? የእድር ሰዎች "ትወቅ እንጂ" ሲሏቸው እትዬ "ብቻዋን ሰምታ አንድ ነገር ብትሆንስ?" ይላሉ።

ስልኩን የምከፍትላቸው እኔ ነኝ። ፀሎት በቪዲዮ ገና ብቅ ስትል ዓይኗ ቤቱን ይዞራል።

"አባዬን አቅርቢልኝ።"

"ጠበል ገብቷል አልኩሽ።"

"እስካሁን? አባዬ እኮ ለቅሶ ቤት እንኳ አያድርም፤ አልጋዬ እያለ ይመጣል።"

"ሰው ሲያረጅ ይለወጣል።"

"አንቺስ ምነው ጥቁር ለበስሽ?"

"ጎረቤት ሐዘን ገጥሞን ነው።"

"ማን ሞቶ?"

እትዬ ወደ እኔ አዩ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ይቺንም ሳታያት አልቀረችም።

እሳቸውም እሷን አያምኗትም። "እዚህ ሰው አለኝ ትላለች፤ አንድ ቀን አሳይታኝ አታውቅም" አሉኝ። "ደግሞ በዓረብኛ ‘ያላ’ እያለች ታጣድፈኛለች። ከማን ለምዳው ነው?"

ባለፈው እሑድ ራሷ ደወለች።

"እማዬ፣ አባዬ ሞቷል አይደል?"

እትዬ "አጠገብሽ ማን አለ?" አሉ።

"ሰው አለ።"

"ውሸትሽን ነው። አሳዪኝ።"

ስልኩን አዞረችው። አብራት የምትሠራ አጠር ያለች የፊሊፒንስ ሴት ናት። ፈገግ ልትል ብላ ተወችው።

"አማርኛ ትሰማለች?"

"አትሰማም።"

"ታዲያ ምን ብላ ልታጽናናሽ ነው?"

"እናቷ የሞተች ጊዜ የያዝኳት እኔ ነኝ። እኔስ የሷን ቋንቋ መቼ ቻልኩ።"

እትዬ ሴትዮዋን ቤት ሊከራይ እንደመጣ ሰው ከላይ እስከ ታች አዩአት። እኔንም ያኔ እንዲሁ ነው ያዩኝ።

"ያዢኝ በያት" አሉ።

ፀሎት በዓረብኛ አንድ ነገር አለቻት። ሴትዮዋ ስልኩን የሆነ ነገር ላይ አስደግፋ፣ በሁለት እጇ ጥብቅ አድርጋ ያዘቻት።

ያኔ ነው እትዬ የነገሯት። ከስልኩ የሁለት ሴት ለቅሶ መጣ።