ቀስቷ አርባ ላይ ነበረች

በደርግ ጊዜ መካነ ሰላም ውስጥ የመሥሪያ ቤት ሾፌር ነበርኩ። እኔን በፍጥነት መክሰስ ኤሊን በችኮላ እንደመክሰስ ነው። ሚስቴ እንኳ ገበያ ላድርስሽ ስላት «ተወው፣ ዛሬ እቸኩላለሁ» ነበር የምትለኝ።

ታዲያ አንድ ቀን ከአቀስታ ስንመለስ መኪናዋ ጉድጓድ ገባችና የአዲሱ ኃላፊያችን ጭንቅላት ጣራውን ገጨ።

«ጓድ ሾፌር! በስንት ነው የምትነዳው?»

«በአርባ ነው ጓድ ኃላፊ። ይኸው፣ የፍጥነት መለኪያዋን ቀስት ይዩዋት።»

«ወይ እሷ ትዋሻለች ወይ አንተ።»

«ወላሂ በአርባ ነው!» አልኩና ማተቤን ይዤ ማልኩ። ወሎ ተወልጄ ሌላ መሐላ ከየት ላምጣ?

መሐላዬ አላሳመናቸውም። በማግስቱ መንገድ ዳር በየኪሎሜትሩ በተተከሉት ድንጋዮች ሊፈትሹን ወጣን። በአርባ ከነዳሁ ከአንዱ ድንጋይ እስከሚቀጥለው አንድ ደቂቃ ተኩል መፍጀት አለበት። በፍጥነት ስነዳ ከተገኘሁ ግን ቁልፉን አስረክቤ የግቢ ዘበኛ ልሆን ነው። እኔ ደግሞ ጭንቅላቴ ትራስ ከነካ መድፍም አይቀሰቅሰኝ!

ቀስቷን አርባ ላይ አድርጌ፣ ትንፋሼን ይዤ ነዳሁ። ኃላፊው ዓይናቸውን ከሰዓታቸው አልነቀሉም። ሁለተኛው ድንጋይ ጋ ስንደርስ «አንድ ደቂቃ! በስልሳ ነው የነዳኸው!» አሉ።

ዘበኝነቱ ታየኝና መኪናዋን ዳር አቆምኩ። ግን ምን ልዋሽ፣ ትንሽ ኩራትም ቢጤ ተሰማኝ። ለካ እኔም ፈጣን ነኝ!

«ቁልፉን አምጣ» አሉኝ፣ ከመኪናው ወርደን።

ድንጋዩ ላይ አንድ ሽማግሌ ቄስ ተቀምጠዋል። ከበላያቸው ዳገቱ ላይ ደብራቸው ይታያል።

«ምነው ልጄ፣ ፊትህ አመድ መሰለ?» አሉኝ።

«አባ፣ የተቀመጡበት ድንጋይ ከሥራዬ አፈናቀለኝ» ብዬ ነገሩን አጫወትኳቸው።

ብድግ አሉ። «ይቺ? ይቺማ ቦታዋ እዚህ አይደለም! ከመታጠፊያው ማዶ ነበረች። ሽማግሌዎቻችን ዳገቱን ሳይጀምሩ አረፍ የሚሉበት ቢያጡ፣ በበሬ ጎትተን አመጣናት።»

«የመንግሥትን ድንጋይ?» አሉ ኃላፊው።

«ጌታው፣ ሥራ ፈትታ ቆማ አግኝተናት ነው እኮ። በሉ ተነሡ፣ የቀድሞ ቦታዋን ላሳያችሁ። በእኛ መቀመጫ የሰው እንጀራ አይቋረጥም!» አሉና ማንም ሳይጋብዛቸው ከኋላ ገቡ።

ወደ መጀመሪያው ድንጋይ ተመልሰን እንደገና በአርባ ጀመርን። ከመታጠፊያው ማዶ ቄሱ «እዚህ ላይ!» ብለው ጮኹ። ኃላፊው ሰዓታቸውን አዩ፤ ልክ አንድ ደቂቃ ተኩል ሞልቷል። ቀና ብለው ጣራውን አዩ፣ ጭንቅላታቸውን ዳበሱ፣ ከዚያ ሳቁ።

«ጥፋቱ የጉድጓዱ ነው። ቁልፉ ካንተ ጋር ይቆይ» አሉኝ።

«ድንጋይቱንስ እንመልሳት?» አሉ ቄሱ በስጋት።

ኃላፊው ዳገቱን ቀና ብለው አዩና «አሁን ሥራ አግኝታለች። ትቀመጥ» አሉ።

«እንግዲያው መኪናዋን አዙራችሁ እስክትመለሱ ድንጋይቱ ላይ ተቀምጬ እጠብቃችኋለሁ» አሉ ቄሱ ከመኪናው ወርደው። «በዚህ ሾፌር አካሄድማ፣ በእግሬም ብሄድ እቀድማችኋለሁ።»