ሁለት ጊዜ ያስነካሁት ለሁለት ሰው ነው

በሰው አገር አውቶቡስ ላይ ሳትከፍል ተሳፍራለች ተብሎ ተጽፎብኛል። ከፍያለሁ፤ ያውም ለራሴ ብቻ አይደለም። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል ባያልፍም ይህን የምጽፈው የእነሱ ወረቀት ብቻውን እንዳይቀር ነው።

የሄድሁት ልጄን ልጠይቅ ነበር፤ አራስ ነበረች። እዚያ አውቶቡስ ረዳት የለውም። በሩ አጠገብ መሣሪያ ቆሟል፤ ስልክ ሲያስነኩት ጢው ይልና ከባንክ ይቆርጣል። ልጄ ስልኬን አስተካክላ ሰጠችኝና፣ «እማዬ፣ ስትገቢ አስነኪ፣ ስትወርጂ አስነኪ፤ ሌላ ነገር አትንኪ» አለችኝ። ሦስት እሑድ ብቻዬን ቤተ ክርስቲያን ደርሼ ስመለስ አንድም ቀን አልሳትሁም።

በአራተኛው እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ አንዲት እማሆይ በአገሬ ቋንቋ በኽምጣና ሲጸልዩ ሰማሁ። በእኛው አካባቢ የጽጽቃ ሰው ናቸው፤ ልጃቸው በቅርቡ ነው ያመጣቸው። እኔ የሰቆጣ ነኝ ስላቸው አገላብጠው ሳሙኝ። መንገዳችን አንድ ስለሆነ አብረን ተሳፈርን።

እማሆይ ልጃቸው የሰጣቸውን የአውቶቡስ ካርድ ከጉያቸው ማውጣት ጀመሩ። በእኛ ዘንድ መኪና ላይ ከሚያውቁት ሰው ጋር ተሳፍሮ የራስን ብቻ መክፈል ነውር ነው፤ እጅ ለእጅ ተያይዞ ይታገሉበታል። እኔም እጃቸውን ያዝሁ።

«በሞቴ እማሆይ፣ ይመልሱት።»

«አንችም እንደኔ እንግዳ አይደለሽ?»

«ቀድሜዎት ነው የመጣሁት፤ ባለአገሯ እኔ ነኝ» አልኋቸው። ሳቁና ካርዱን መለሱት። ስልኬን አንድ ጊዜ ለእኔ፣ አንድ ጊዜ ለእሳቸው አስነካሁ። ሁለቴ ጢው አለ። ተቀመጥን።

ጥቂት እንደሄድን ተቆጣጣሪ ገባ። ስልኬን በያዘው ዕቃ አየና ራሱን ነቀነቀ። የሚለው ስላልገባኝ ልጄ ዘንድ ደወልሁና ስልኩን ሰጠሁት። ካወሩ በኋላ ልጄ ነገረችኝ፤ የመጀመሪያው መግባት ነው፣ ሁለተኛው መውረድ። በአንድ ስልክ ለሁለት ሰው አይከፈልም። ስለዚህ እኔ ወርጃለሁ፣ እማሆይም አልከፈሉም።

«ወርጄ ከሆነ ከማን ጋር ነው የሚከራከረው? በይው» አልኋት።

አላለችውም። እማሆይ ካርዳቸውን አውጥተው አሳዩት። ሲገቡ ስላላስነኩት አይሆንም አለ። የከለከልኋቸው እኔ ነኝ ብዬ ወደ ደረቴ እያመለከትሁ ብነግረውም የሚሰማ አልነበረም። ሁለት የቅጣት ወረቀት ጻፈ። ሰዉ ሁሉ ዞሮ ያየናል። እማሆይ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው የሚቀጥለው ማቆሚያ ላይ ወረዱ። ቤታቸው ገና ሩቅ ነበር።

ማታ ልጄ ሁለቱንም ቅጣት ከፍለን እንገላገል አለች። እንዲህ ያለ ነገር የመኖሪያ ፈቃዷን እንዳያበላሽባት ፈርታለች። እኔ ግን፣ «የከፈልሽ ዕለት ሌባ ያደረግሽኝ አንች ነሽ» አልኋት። አልከፍልም ብላ ቃል ገባችልኝ። እኔ እየተናገርሁ እሷ ለአውቶቡሱ መሥሪያ ቤት በቋንቋቸው ደብዳቤ ጻፈች። ቅጣቱ ይሰረዝ ብቻ አላልሁም፤ ሁለት ጊዜ ያስነካሁት ሁለት ሰው ስለነበርን መሆኑን አምናችሁ ጻፉልኝ፣ እማሆይንም ይቅርታ ጠይቁልኝ አልሁ።

በሚቀጥለው እሑድ በእግሬ ሄድሁ። እማሆይ በልጃቸው መኪና መጥተው ነበር። ከሩቅ እጅ ነሱኝና አለፉ። ልጃቸው ምን እንዳላቸው አላውቅም፤ ከዚያ በኋላ አብረን አልሄድንም።

ሰቆጣ ከተመለስሁ ወዲህ ልጄ በደወለች ቁጥር ከሕፃኑ በፊት የምጠይቃት የደብዳቤውን መልስ ነው። አልመጣም ትለኝ ነበር። ባለፈው ሰሞን ግን ወሬውን ወደ ሕፃኑ አዞረችብኝ። ደግሜ ጠየቅሁ።

«መጥቷል እማዬ። ግን አትቆጭኝ፤ እኔ ያን ጊዜውኑ ሁለቱንም ቅጣት ከፍዬው ነበር። ደብዳቤውን የላክሁት ከከፈልሁ በኋላ ነው።»

ከሆዴ የወጣች ልጅ ናት፤ ደግሞም የፈራችው ለልጇ ነው። ቢሆንም ቃሏን በልታለች።

«አንብቢው» አልኋት።

ቀስ እያለች ወደ አማርኛ መለሰችልኝ፦ «ቅጣቱ ተከፍሏል። የከፈለ ሰው ጥፋቱን እንዳመነ ይቆጠራል። ስለዚህ አቤቱታዎን አላየነውም።»