አጥራችን ላይ ማን ጠቆመ?

ትናንት የግቢያችን በር ተገጠመ። የዛገው ቆርቆሮ ተነስቶ ዙሪያውን ብሎኬት ሆነ፣ ያውም በፈቃድ፣ በማህተም። እሰይ! ግን እዚህ እስክንደርስ አንድ ጎረቤቴን የጠረጠርኩትን ያህል ሌባ እንኳ ጠርጥሬ አላውቅም...

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤታችን አቃቂ ነው፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ። ገና አጥር እንሥራ ስንል ባለቤቴ ሰብለ «መጀመሪያ ፈቃድ አውጣ» አለችኝ። እኔ ደግሞ «ፈቃድ እስኪወጣ ልጆቻችን ይዳራሉ። እሁድ እሁድ ቢሮ ዝግ ነው፣ ቀስ እያልን እንጨርሰዋለን» አልኳት። ዝም አለች። ተስማማች ብዬ ሥራ ጀመርኩ።

እሁድ ማለዳ፣ ሰው ሁሉ ቤተክርስቲያን ሳለ፣ ግንበኞች አስገብቼ መሠረት ማስቆፈር ያዝኩ። የኛ ሰፈር ጥቁር አፈር ስለሆነ ጠለቅ ማለት አለበት። ጉድጓዱ ገና ጉልበት ሳይደርስ ደንብ አስከባሪዎች ከች! አለቃቸው አንድ ባለ ኮፍያ ነው።

«ፈቃድ አላችሁ?»

«ኧረ... ለፍሳሽ ብለን ነው።»

«ይሄ ሁሉ ብሎኬት ለፍሳሽ ነው? አቁሙ!»

አካፋና ዶማችንን ጭነው ሄዱ።

እሁድ ቀን፣ በዚያ ማለዳ፣ ማን ነገራቸው? ዞር ስል ከቆርቆሮው ማዶ ጋሽ ቱፋ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠዋል። ጋሽ ቱፋ የሰፈሩ የድሮ ሰው ናቸው፤ ይሄ ሁሉ ቤት ማሳ ሳለ እዚሁ ያርሱ ነበር። አሁን ከጠዋት እስከ ማታ ከዚያች ወንበር አይነሱም። ስልካቸው እጃቸው ላይ ነው። አየኋቸው... አዩኝ... ዓይናቸውን ሰበር አደረጉ። በቃ፣ አገኘሁት! አልኩ በሆዴ።

ለሰብለ ነገርኳት። «ጋሽ ቱፋ? ኧረ ነውር ነው፣ በሰው አትፍረድ» አለችኝና ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች።

ሁለተኛ ጊዜ በበዓል ሞከርኩ። በበዓል ማን ሥራ ይገባል? መጡ! ዶሮ ወጡ እንኳ ከምድጃ ሳይወርድ።

ከዚያ በኋላ ሰላምታ አቋረጥኩ። ጋሽ ቱፋ «እንዴት አደርክ ልጄ?» ሲሉኝ ስልክ ጆሮዬ ላይ ለጥፌ አልፋለሁ። የዕድር ስብሰባ ላይ አጠገባቸው ያለው ወንበር ባዶ እያለ ቆሜ ጨረስኩ። ቤት ውስጥ ስለ አጥሩ ሳወራ በእሳቸው በኩል ያለውን መስኮት እዘጋለሁ። «ቀስ በይ፣ ይሰሙናል» እላታለሁ ሰብለን። እሷም ቀስ ብላ «እሺ» ትላለች።

ቀጥሎ ወጥመድ አጠመድኩ። ቆርቆሮው ስር ሄጄ፣ ጋሽ ቱፋ እንዲሰሙ፣ ስልክ የማወራ መስዬ «ሐሙስ እንጀምራለን!» ብዬ ጮህኩ። ሐሙስ ማንም አልመጣም። ሌላ ሰው ቢሆን «አሃ፣ እሳቸው አይደሉም ማለት ነው» ይል ነበር። እኔ ግን «አየሽ ተንኮላቸውን? ወጥመድ መሆኑ ገብቷቸዋል!» አልኳት ሰብለን። እውነተኛው ቀን እሁድ እንደሆነ ለሷ ብቻ፣ በሹክሹክታ ነገርኳት።

እሁድ ባለ ኮፍያው ከግንበኞቹ ቀድሞ በሬ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

ክረምቱ ገባ። የቆፈርነው መሠረት ጭቃ ሞላ፣ ቆርቆሮውም በአንድ በኩል ወደቀ፣ ለሌባ ክፍት ሆንን። ተሸነፍኩ። እንደ ሰው ፈቃድ ላወጣ ሄድኩ። ካርታውን አዩ፣ ቦታውን ለኩ... መጨረሻ ላይ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው?

«አዋሳኝህ ይምጣና በወሰኑ መስማማቱን ይፈርም።»

አዋሳኜ ማን ሆነና! እሳቸው እምቢ ካሉ አጥር የሚባል ነገር የለም። አንገቴን ደፍቼ በራቸውን አንኳኳሁ። ጋሽ ቱፋ ባርኔጣቸውን አጠለቁና «እንሂድ» ብቻ አሉኝ። ይሄም አጠራጠረኝ። ለምን ቶሎ እሺ አሉ? ከመሬቴ ሊቆርሱ ነው? ሚኒባስ ውስጥ መንገዱን ሁሉ በጎን እያየኋቸው ሄድኩ።

ሰብለም ካርታውን ይዛ አብራን መጥታለች። ሽማግሌው አንዲት ቃል ሳይናገሩ ፈረሙ። ልክ ከቢሮው ስንወጣ ባለ ኮፍያው ኮሪደሩ ላይ ከፊታችን ድቅን አለ። ፊቱ በራ። እኔን አይቶ አይደለም፣ ሰብለን አይቶ ነው።

«እንዴ እህቴ! ዛሬ ሳትደውዪ በአካል መጣሽ?»

...

ከዚያ እኔን አየ። አጠገቡ ያገኘውን በር ከፍቶ ገባ፤ የራሱ ቢሮ ይሁን አይሁን እንጃ።

«አንቺ ነሽ?!» አልኳት።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አለች ሰብለ፣ ነጠላዋን እያስተካከለች። «ከቤታችን ጀርባ ያሉት ጎረቤቶች አጥራቸው ካለቀ በኋላ ሲፈርስባቸው አላየህም? ያጠራቀምነው ሁሉ እንደዚያ ሜዳ ላይ ይቅር? እኔ ስነግርህ አልሰማህም። እነሱ ሲነግሩህ ሰማህ።»

ወደ ጋሽ ቱፋ ዞርኩ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ የሚያነቡ መስለዋል።

«ጋሽ ቱፋ... እርስዎ ያውቁ ነበር?»

«በቆርቆሮው ቀዳዳ ስትደውል እሰማት ነበር» አሉ ቀስ ብለው።

«ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ? ይሄን ሁሉ ጊዜ ሰላምታ ስነፍግዎት!»

«ምን ልበልህ ልጄ? አጥርህ እንዲቆም ትዳርህን ላፍርስ?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አፈርኩ፣ በጣም አፈርኩ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል ክርኔን ያዙኝና «ተው፣ ሰው እያየን ነው። ይልቅ ምሳ ጋብዘን» አሉኝ። መናኸሪያው አጠገብ ጥብስ በላን። ሰብለ ከሁላችንም በላይ በላች፣ ቅንጣት ሳታፍር።

እና ይኸው ትናንት በሩ ተገጠመ። በጋሽ ቱፋ በኩል አንዲት ቀዳዳ የለችም። ማንም አያየንም፣ ማንም አይሰማንም፣ ያላስገባነው ሰው አይገባም...

ጠቋሚዋ ግን ቁልፍ አላት።