ቁጥር አስራ ሰባት ያጠረ ለት

እስከ ዛሬ ያልለቀቀኝ መጥፎ አመል አለብኝ። ታክሲ ስጠብቅ አጠገቤ ለጋ ዛፍ ካለ እጄ አያርፍም፤ ልጡን በአውራ ጣቴ ጥፍር ጫር አደርግና ከስሩ አረንጓዴ መሆኑን አያለሁ። ባለፈው ሳምንት አንድ ዘበኛ "እህቴ፣ ዛፉ ምን አደረገሽ?" ብሎ ተቆጣኝ። ይቅርታ ጠየቅኩትና ዞር ብዬ ጣቴን አሸተትኩ። ያ እርጥብና መራራ የልጥ ሽታ ይዞኝ ጅማ ገባ፤ ሄርማታ፣ ከገበያው ጀርባ።

ያኔ የኮሌጅ ተማሪ ነበርኩ። ከደብረ ብርሃን ብርድ መጥቼ፣ በጅማ ሙቀት ሹራቤን ለማውለቅ አንድ ዓመት የፈጀብኝ ልጅ። መምህራችን ከተማውን ቆራርሶ አንድ አንድ መንገድ ሰጠንና፣ በክረምት ከተተከሉት ችግኞች ስንቱ እንደጸደቀ፣ ስንቱ እንደደረቀ እንድንከታተል አዘዘን። አንዱ ጓደኛዬ የጅሬን ዳገት ደረሰው፤ እስከ ምረቃ ድረስ ሲያማርር ነበር። ለኔ የደረሰኝ ሜዳ መንገድ ነው፤ ግራና ቀኙ አርባ ሁለት የግራቪሊያ ችግኝ። በየሁለት ወሩ ሄጄ ቁመታቸውን እለካለሁ፣ ቅጠሉ የረገፈውን ልጡን እጭራለሁ፤ አረንጓዴ ከሆነ ነፍስ አለው፣ ቡኒ ከሆነ አልቆለታል። ቁጥር የተጻፈባት ቁራጭ ቆርቆሮም በየችግኙ ላይ በሽቦ አስሬያለሁ።

መንገዱን ወደድኩት። ከመጋዘኖቹ የጀንፈል ቡና ሽታ ይመጣል፣ ከበረንዳዎቹ የስፌት መኪና ድምፅ። ከሁሉም በላይ የወደድኳቸው አንድ ልብስ ሰፊ ሐጂ ነበሩ፤ ጺማቸው ሂና የተቀባ፣ ሜትራቸው ከአንገታቸው የማይወርድ። ገና በመጀመሪያው ቀን ከወንበራቸው ብድግ ብለው "ኢንተሎ፣ ከየት አገር ነሽ? በልተሻል?" አሉኝ፤ ኢንተሎ በኦሮምኛ ልጅት ማለት ነው። ከፊታቸው አቮካዶ የምትሸጥ ሴት ነበረች፤ እሷ ደግሞ ሳትጠይቅ ታበላለች።

እንግዲህ ጥፋቴን ልንገርህ። በጥቅምት የመጀመሪያውን ቆጠራ ስጨርስ ስጋት ገባኝ። ዝናቡ ሊቆም ነው፤ ፍየሉ እንደልቡ ነው፤ ውሃ የሚያጠጣ ሰው አላየሁም። እናም ፊቴን አጨማደድኩና ለሐጂ "እነዚህ ዛፎች ከሞቱ እኔ እወድቃለሁ" አልኳቸው።

"ማል? ምን አልሽ? ዛፉ ሞቶ አንቺ ትወድቂያለሽ?"

"አዎ ሐጂ። ውጤቴ በጸደቀው ልክ ነው።"

ነጭ ውሸት! ውጤት የሚሰጠው ለዛፉ ሳይሆን ለቆጠራው ነበር። አርባ ሁለቱም ቢደርቁና እኔ በትክክል ብጽፍ ሙሉ ማርክ አገኝ ነበር። ሐጂ ግን መቀሳቸውን አስቀመጡ፤ አቮካዶ ሻጯ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። እስከ አስር ሰዓት ወሬው መንገዱን ዳር እስከ ዳር አዳርሶት ነበር።

በታህሳስ ስመለስ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። አርባ ሁለቱም ለምልመዋል። ቅጠላቸው ሳይቀር ታጥቧል! ፍየል እንዳይደርስባቸው በእሾህ ታጥረዋል። ሐጂ ኩራታቸውን መደበቅ አቅቷቸው "አየሽ ኢንተሎ፣ አንድም አልሞተብሽም። አልሃምዱሊላህ" አሉኝ። ከደስታዬ ብዛት የጥቅምቱን ወረቀት ገልጬ ሳላስተያይ፣ የለካሁትን እንዳለ ጽፌ አስረከብኩ።

በማግስቱ፣ አርብ ከሰዓት፣ መምህራችን ቢሮው አስጠራኝ። ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ፣ በዚያም ይበልጥ የሚፈራ ሰው ነበር።

"ቁጥር አስራ ሰባት። ጥቅምት ላይ አንድ ሜትር ከሃያ። ታህሳስ ላይ ሰባ አምስት ሳንቲ።" መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አየኝ። "ምን ሆኖ ነው? ጾም ይዞ ነው?"

ሳቄ አመለጠኝ። እሱ አልሳቀም። ዘጠኝ ዛፎች አጥረው ተገኝተዋል። ዶርም ውስጥ ተጋድሜ ቁጥሩን ከራሴ የፈጠርኩት ነው የመሰለው። እስከ ሰኞ ካላስረዳሁት ትምህርቱን እንደምደግም ነገረኝ። መድገም ማለት ከጓደኞቼ ጋር አለመመረቅ ማለት ነው፤ እናቴ ደግሞ የምረቃ ቀሚሴን ጨርቅ ገዝታ፣ ለጎረቤት ሁሉ አሳይታ፣ ሳጥን ውስጥ አስቀምጣው ነበር። የዚያን ቀን እራት አልበላሁም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ? የኔው ከንጋቱ ጋር እኩል ጠራ። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ሄርማታ ደረስኩ፤ ሰዎች ከሱብሂ ሶላት እየተመለሱ ነበር። ሐጂ እጅጌያቸውን ሰብስበው በዶማ ይቆፍራሉ። አጠገባቸው አንድ ችግኝ ተቀምጧል፤ አቮካዶ ሻጯ ጀሪካን ይዛ ቆማለች። የኔን ቆርቆሮ፣ ቁጥር ሠላሳ አንድን፣ ሐጂ በጥርሳቸው ነክሰው ይዘዋል።

ሲያዩኝ ደርቀው ቀሩ።

"ሐጂ፣ ምን እያደረጉ ነው?"

ቆርቆሮውን ከአፋቸው አወጡ። "ይህቺኛዋን ትናንት ማታ ፍየል ጨረሰብን፣ ልጄ።"

ቀስ እያሉ ነገሩኝ። ለቡናቸው ጥላ እንዲሆን ብለው ጓሯቸው ውስጥ ግራቪሊያ ያፈሉ ነበር፤ የመንገዱ አንድ በሞተ ቁጥር ከዚያ አንድ እየነቀሉ ይተካሉ። ቆርቆሮዬን ከሞተው ፈትተው በአዲሱ ላይ ያስራሉ። "ፍየል በላው፣ ጋሪ ሰበረው፤ ያንቺ ፈተና ፍየልና ጋሪ ያውቃል? ሰው ልጁን አምኖ አገራችን ልኮ፣ እኛ መንገድ ላይ ትውደቅ?"

ያኔ እውነቱን መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። ዛፎቹ አጥረው በመገኘታቸው መምህሩ እንደተጣላኝ ብቻ ነገርኳቸው፤ እሳቸውም "ተዪው፣ እኔ እነግረዋለሁ" አሉ።

ሰኞ ጠዋት ነጭ ጀለቢያ ለብሰው መጡ፤ ሜትሩ ግን ከአንገታቸው አልወረደም። አቮካዶ ሻጯ አንድ ፌስታል አቮካዶ ይዛ ተከትላቸዋለች። መምህሩ ተነስቶ ወንበር ሰጣቸው።

"መምህር" አሉ ሐጂ፣ "ልጅቷ የለካችው እውነት ነው። የዋሸነው እኛ ነን። የሞተውን እየተካን ነው። ግን ዛፍ ሞተ ተብሎ ሰው ከፈተና ይጣላል እንዴ? ዛፍ የሚያጸድቀው አላህ ነው።"

መምህሩ ግራ ገባው። "ዛፍ ሲሞት ትወድቃለች ያለው ማነው?"

ሦስቱም ወደ እኔ ዞሩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

"እኔ ነኝ" አልኩ። "ውሃ እንዲያጠጡልኝ ብዬ ነው።"

ሐጂ ቀና ብለው አዩኝ። እመነኝ፣ ያን ጊዜ ትምህርቱም ምረቃውም ከሐሳቤ ጠፍቶ ነበር፤ የሐጂ ዓይን ብቻ ነው የታየኝ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። "ወላሂ! እንግዲያ ይሄን ሁሉ ጀሪካን የተሸከምነው ለዛፉ ነው?" አቮካዶ ሻጯ በሻሿ ጫፍ አፏን ሸፍና ተንከተከተች፤ መምህሩም ሳቁን መያዝ አልቻለም።

"የሞተውን ሞተ ብለሽ ጻፊ" አለኝ ሲረጋጋ። "ማን እንደተካውም ጻፊ።" እንዳለኝ ጻፍኩና አለፍኩ። አቮካዶውንም ከቢሮው ሳንወጣ ቆርጦ አካፈለን።

በየካቲት አፍሬ፣ እግሬን እየጎተትኩ ብሄድ ሐጂ ውሃ እያጠጡ አገኘኋቸው። "አሁንማ ለኔ ብለው አይደለም" አልኳቸው። "ቶሌ፣ ይሁን፣ ዝም ብለሽ ለኪ" አሉኝ።

ተመረቅኩ፤ ዓመታት አለፉ። አምና ለሥራ ወደ አጋሮ ሳልፍ ሄርማታ ወረድኩ። መንገዱ ጥላ በጥላ ሆኗል፤ ቁጥር አስራ ሰባት ከቆርቆሮ ጣሪያው በላይ ወጥቷል። ሱቁ ውስጥ የምትሰፋው የሐጂ ልጅ ነበረች፤ እሳቸው ካረፉ ሁለት ዓመት እንዳለፋቸው ነገረችኝ። አላወቀችኝም። ድሮ እዚህ ዛፍ እቆጥር እንደነበር ስነግራት የስፌት መኪናዋን አቆመች።

"አንቺ ነሽ?" አለችኝ።

አባቷ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ሰው ሁሉ ይጠፋባቸው እንደነበር፣ አንዳንዴ የሷን ስም እንኳ እንደሚረሱ አጫወተችኝ። "በበጋ ግን ከሱብሂ ሲመለስ ሁላችንንም ይቀሰቅሰን ነበር። 'ተነሱ፣ ውሃ አጠጡ፤ ልጅቷ ፈተና አለባት' ይለናል። 'አልፋለች እኮ፣ አባዬ' ስንለው 'አልሃምዱሊላህ' ይላል። በነጋታው ደግሞ ያስነሳናል።"