ማረሻው ለምን ተሰበረ

ያን ሰኞ ማረሻውን የሰበርኩት እኔ ነኝ። ከዚህ ልጀምር። ከሌላ ቦታ ልጀምር ብዬ ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ፤ ዞሮ ዞሮ እዚሁ ይመልሰኛል።

ታላቅ ወንድሜ ቀጥቃጭ ነበር። አባታችንም እንደዚያው። ወላጆቻችን ካለፉ በኋላ የቀረነው ሁለታችን ነበርን። ቤታችን ከላሊበላ ወጣ ብሎ፣ ወደ ብልባላ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ሰኔ ሲቃረብ ገበሬው ማረሻውን ይዞ ይመጣና ተራውን ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ሲርበው ከኪሱ ቆሎ ያወጣል። ቆሎውን ሲያወጣ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። የቀጥቃጭ ዓይን ይበላል ይባላላ። ልጅ ሳለሁ ገበሬ ሁሉ ሲበላ ግድግዳ የሚያይ ይመስለኝ ነበር።

እኔን ግን አይፈሩኝም። ሁለተኛ ደረጃ ጨርሻለሁ። «አንተማ ተማሪ ነህ» ይሉኝና ፊት ለፊቴ ይቆረጥማሉ። አንድ አባት፣ አንድ እናት፣ አንድ ጎጆ ነው ያለን፤ ትምህርት ቤቱ ምኑን እንዳጠበልኝ አላውቅም።

ትምህርት ቤት የተማርኩትም ያንኑ የአባቴን ሥራ ነው። እኛ ቤት ሲሠራ ቅጥቀጣ ይባላል፤ እዚያ ሲጻፍ «የብረታ ብረት ሥራ» ይባላል፣ ውጤትም ይሰጥበታል። ወርክሾፕ ነበረን። ውስጡ ብረት ነክሶ የሚይዝ ሞርሳ እንዳለ በመስኮት አይተናል። ፕላስቲኩ አልተነሣለትም ነበር። መምህራችን «እንዳይበላሽ ነው» አሉን። እውነትም አልተበላሸም። ስለዚህ ብረትን በጠመኔ ተማርን። የትኛው ይጠነክራል፣ የትኛው ይሰበራል፣ የትኛው ይሳባል፣ ሁሉንም በእንግሊዝኛ ገለበጥን። አንድ ቀን መምህሩ ብረት ሳይሰበር እንደሚታጠፍ ሊያሳዩን ከሻይ ቤት ማንኪያ ተውሰው አጠፉት። መልሰው ሊያቀኑት ቢሉ እምቢ አለ። የሻይ ቤቷ ሴትዮ ትምህርት እስክንጨርስ ድረስ ማንኪያዋን ስትጠይቀን ኖረች።

ፈተና ላይ «የጋለ ብረት ውሃ ውስጥ ሲነከር ምን ይሆናል?» የሚል መጣ። «ጥንካሬው ይጨምራል» ብዬ ጻፍኩ። ሙሉ ነጥብ አገኘሁ።

እና ያ ሰኞ። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ቀድመው መጥተው ነበር። የድሮ ማረሻቸው አልቆ ማንኪያ አክሏል። ዝናቡ ጀምሯል፤ ሌላ ማረሻ የላቸውም። ወንድሜ በቀረችው አንዲት ባሌስትራ፣ ከመኪና ሥር በሚወጣው ብረት፣ አዲስ ሠራላቸው። እኔ ወናፍ እነፋለሁ። ቅርጹ ሲያልቅ እንደገና አጋለውና ጉጠቱን ሰጠኝ።

«ተማሪ፣ ይቺን ውሃ አስነካልኝ» ብሎ ከሰል ሊያመጣ ወጣ።

አስነካሁት። አስነካሁት ብቻ አይደለም፣ ሙሉውን ነከርኩት። ሲጮህ ደስ አለኝ። እስኪበርድ ድረስ ውሃው ውስጥ ያዝኩት።

ወንድሜ ተመለሰ። «ጨረስክ?»

«ጨረስኩ። አሁን ጠንክሯል።»

ተቀብሎኝ መስፉ ላይ፣ ብረት በሚደበድብበት ላይ፣ ቀስ ብሎ ነካ አደረገው። ለሁለት ተሰበረ። እንደ ገል ነው የተሰበረው።

ሽማግሌው ከነቆሏቸው ከግድግዳው ዞሩ። «ምንድን ነው እሱ?»

«ተማሪው ነው» አለ ወንድሜ። ከዚያ ወደኔ ዞረ። «ደብተርህ ምን ይላል?»

«ሲነከር ይጠነክራል።»

«እውነቱን ነው። ከዚያስ?»

«ከዚያ ሌላ ጥያቄ ነው።»

ወንድሜ ሳቀ። መቼም ሳቁ... እሱን መጻፍ አልችልም። መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ነው የሳቀው። ሽማግሌው አልሳቁም። «መሬቱ ተማሪ አይጠብቅም እኮ» አሉ።

ወንድሜ እንባውን ጠርጎ አስረዳኝ። ጫፉን ብቻ ነክረህ ታወጣዋለህ። በድንጋይ ትፈትገዋለህ። ከዚያ ቁጭ ብለህ ታያለህ። ቀለሙ በፊት የገብስ ነዶ ይመስላል፤ ተወው። ቀጥሎ የተቆላ ገብስ ይመስላል፤ አሁንም ተወው። ሰማይ ሲመስል ያኔ ሁሉንም ንከር። «ቶሎ የነከርከው ይኮራል» አለኝ፤ «የኮራ ብረት ድንጋይ ሲያገኝ ይሰበራል። ሰማዩን መጠበቅ ነው።»

ይህ ደብተሬ ላይ አልነበረም።

«አባባ፣ ሐሙስ ይምጡ» አላቸው ሽማግሌውን። «ባሌስትራ አልቆብኛል። ነገ ፍላቂት ሄጄ አመጣለሁ።»

ማክሰኞ ማለዳ ሄደ። ከሰዓት በኋላ ሲመለስ የተሳፈረበት ሚኒባስ ከጋሸና ወደኛ ሲወርድ ገደል ገባ። ትራፊኩ ምክንያቱን ነገረን፦ የመኪናው ባሌስትራ ተሰብሮ ነው። ወንድሜን አመጡት። ጆንያውንም አመጡት። ውስጡ ያሉት ብረቶች ምንም አልሆኑም። ቀድሞስ ምን ይሆናሉ።

ረቡዕ ቀበርነው። ድንኳኑ ሞላ። ጎረቤቱ ከየቤቱ እንጀራ አምጥቶ እኛ ግቢ በላ። ያን ያህል ሰው እኛ ግቢ ሲበላ አይቼ አላውቅም። ማንም ወደ ግድግዳ አልዞረም። የሚፈሩት ዓይን ተከድኗል።

ሰው ለቅሶ ላይ ምክንያት ይወዳል። አንዱ «ሹፌሩ ነው» አለ፤ ሌላው «መንገዱ ነው» አለ። አንዱ ደግሞ ወደኔ ዞሮ፣ «ተማሪ፣ እስቲ ንገረን፤ ደህና የነበረ ብረት ድንገት ለምን ይሰበራል?» አለ።

እኔም መለስኩ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ቆሜ መለስኩ። «ጫና ሲመላለስበት ብረት ይደክማል» አልኩ።

«ብረት ይደክማል?»

«ደብተሬ ላይ አለ።»

«እግዚኦ» አሉ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። መልሱ ደስ አሰኛቸው። ሙሉ ነጥብ ሰጡኝ። መጀመሪያውኑ ፍላቂት ለምን ሄደ ብሎ የጠየቀኝ ግን የለም። ሽማግሌው ያውቃሉ። ጥግ ላይ ተቀምጠው ያዩኝ ነበር። ሲወጡ በእጄ ቆሎ ጨመሩልኝ። «ብላ እንጂ ልጄ» አሉና እሳቸውም ፊት ለፊቴ ቆረጠሙ። ስለ ሰኞ አንድ ቃል አልተናገሩም። ቢናገሩ ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት እሳት አነደድኩ።

የጎረቤታችን ሚስት በአጥሩ አየችኝ። «አንተ ልጅ፣ ሠልስቱ እንኳ ሳይወጣ?»

«ሐሙስ ነው የተባለው» አልኳት።

ጆንያውን ፈታሁ። አንዷን ባሌስትራ እሳት ውስጥ አስገባሁ። ሽማግሌው በዚያው ሰዓት መጡ። በሩ ላይ ቆመው፣ «እኔ ለለቅሶ ነው የመጣሁት፤ ማረሻ አላልኩም» አሉ። ዓይናቸው ግን ፍሙ ላይ ነበር። ከዚያ ገብተው ተቀመጡ። ትንሽ ቆይተው ማንም ሳይጠይቃቸው ወናፉን ያዙ።

ቀጠቀጥኩ። ጠመመ። አቀናሁት፤ በሌላ ጎኑ ጠመመ። ወንድሜ ለቁርስ የሚያደርሰውን እኔ ከረፋዱ አሳለፍኩት። ሲያልቅም ያማረ አልነበረም፤ ግን ማረሻ ይመስላል። አጋልኩት። ጫፉን ብቻ ነክሬ አወጣሁት። በድንጋይ ፈተግኩት። ቁጭ ብዬ አየሁ።

የገብስ ነዶ መሰለ። እጄ ሊነክረው ቸኮለ፤ ተውኩት። የተቆላ ገብስ መሰለ።

«አልበቃውም?» አሉ ሽማግሌው።

«አልበቃውም፣ አባባ።»

ከዚያ ሰማይ መጣ። ከታች ቀስ ብሎ ነው የመጣው። ሙሉውን ነከርኩት።

ከውሃው ሲወጣ መስፉ ላይ ነካ አደረግሁት። ቀጥሎ መታሁት። ቀጥሎ ባለኝ ጉልበት መታሁት። አልተሰበረም። ማረሻውን ሰጠኋቸው፤ ጭናቸው ላይ አጋደሙት።

ትንሽ ቆይቶ ቆሎ ሲቆረጠም ሰማሁ። ቀና ብዬ ሳይ ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል። ትላንት ፊት ለፊቴ የበሉት ሰውዬ ናቸው። ጀርባቸውን አየሁት። ወንድሜ በየቀኑ ያየው የነበረ ጀርባ ነው።

ከጆንያው ሁለተኛውን ባሌስትራ አወጣሁ።