ከምስጋናው በኋላ

መስቱራ በየጠዋቱ ከሥራዋ በፊት የምታደርገው አንድ ነገር ነበር። በሆስፒታሉ ኮሪደር አግዳሚ ላይ ተራ ከሚጠብቁት ሴቶች ፊት ጎንበስ ትልና የእያንዳንዷን እጅ በሁለት እጇ ተቀብላ ትስማለች፤ እነሱም የእሷን መልሰው ይስማሉ። የአገሩ ሰላምታ ነውና ማንም ልብ አይለውም። እሷ ግን ከንፈሯ ጣት መጋጠሚያ ላይ ሲያርፍ ሙቀቱን ትለያለች። ጣቷን ሰብስባ የምትሰጠውንም፣ ጫፉን ብቻ አስነክታ የምትሸሸውንም ታውቃለች።

ቤቷ በጀጎል ግንብ ፈላና በር አጠገብ ነው። ባሏ ከሞተ በኋላ አምስት ዓመት የሆስፒታሉን አንሶላ አጠበች። በጀጎል የሚነገረውን የቤቷን ቋንቋ፣ ኦሮምኛና አማርኛ አጥርታ ስለምትናገር በ፲፱፻፶፯ ዓ.ም. ከማጠቢያው አውጥተው አስተርጓሚ አደረጓት። የተሰጣት ትእዛዝ አጭር ነበር፦ የተባለውን ብቻ ተናገሪ፤ አትጨምሪ፣ አትቀንሺ። እሷም ታዘዘች።

ኋላ ያንገበገባት ይኸው መታዘዟ ነው። ከጀጎል ውስጥ አንዲት ስፌት ሰፊ አሮጊት መጥተው ተማሪ ሐኪም "እንዴት ነዎት?" ሲላቸው "አልሐምዱሊላህ" አሉ። መስቱራም "ምስጋና ለአላህ ይላሉ" አለች። "ደህና" ተብሎ ተጻፈ። በወሩ ተመልሰው መጡ፤ ያው ጥያቄ፣ ያው መልስ። ሁለቱንም ቀን መስቱራ እጃቸውን ስማ ነበር፤ እንደ ምድጃ ድንጋይ ይሞቅ ነበር። ወደ ማጠቢያው እንዳይመልሷት ፈርታ ዝም አለች።

በ፲፱፻፷ ጥቅምት ላይ ሴትየዋ ለሦስተኛ ጊዜ መጡ። ሁለት ጣቶቻቸው ወደ ጎን አዘንብለዋል፤ ስምንቱ ገና ቀጥ ያሉ ናቸው። መስቱራ ስምንቱን አንድ በአንድ አየቻቸው። ከእንግዲህ በእሷ ዝምታ አንድም ጣት እንዳይጣመም ቆረጠች።

የዚያን ቀን መርማሪው እንደሻው የሚባል ተማሪ ነበር፤ ከአዲስ አበባ ለሁለት ወር ልምምድ ከጓደኞቹ ጋር የመጣ። የሴትየዋን እጅ ጨብጦ ወዘወዘው። ፊታቸው ተኮማተረ፤ ድምፅ ግን አላወጡም።

"እንዴት ነዎት?"

"አልሐምዱሊላህ።"

መስቱራ ዓይኗን ከጣቶቹ አላነሣችም።

"እትዬ መስቱራ፣ ያስተርጉሙልኝ እንጂ።"

"አላስተረጉምም።"

"ይቺንስ እኔም አውቃታለሁ። ደህና ናቸው" ብሎ ብዕሩን አነሣ።

"ብዕርህን አስቀምጥ ልጄ። በእኛ ዘንድ ምስጋና ይቀድማል፣ ሕመም ይከተላል። አንተ ምስጋናውን ጽፈህ ልትነሣ ነው።"

ጓደኞቹ ሳቁ። "እንደሻው፣ አዲስ ፕሮፌሰር መጣችልህ" አለ አንዱ። አስተማሪያቸው ዶክተር ወልደ ጊዮርጊስ ሳቁን ሰምተው ገቡ፤ ነገሩ ሲነገራቸው ፊታቸው ጠቆረ።

"አስተርጓሚ ያስተረጉማል እንጂ አይመረምርም።"

"እንግዲያው ወደ ማጠቢያው ይመልሱኝ" አለች መስቱራ። "እስኪመልሱኝ ድረስ ግን የነገሩን ግማሽ ብቻ አልናገርም።"

ዶክተሩ ወንበር ሳቡላት። "በይ፣ የቀረውን ግማሽ አምጪው" አሉ።

መስቱራ ከሴትየዋ አጠገብ ተቀመጠችና በቤታቸው ቋንቋ ጠየቀቻቸው። ስለ ሕመም አላነሣችም። ጠዋት ወስፌ የሚያነሡት መቼ እንደሆነ ነበር ጥያቄዋ። ሴትየዋ አሰብ አደረጉና መለሱ፦ ዱሮ ንጋት ላይ ከሱብሒ ሶላት እንደተነሡ ነበር፤ አሁን ግን ፀሐይ ግቢውን እስክትሞላ ጣታቸው አይታዘዝም፤ ሻሻቸውን የምታስርላቸው ምራታቸው ናት።

መስቱራ አንድም ሳታስቀር ተናገረች። ዶክተሩ በአውራ ጣታቸው መጋጠሚያዎቹን ቀስ ብለው ዳሰሱ። ከዚያ የእንደሻውን እጅ ይዘው እዚያው ላይ አሳረፉት።

"ምን ይሰማሃል?"

"ይሞቃል። እንደ ሊጥም ይለሰልሳል።"

"ስንት ጊዜ 'ደህና' ብለናቸዋል?"

እንደሻው መዝገቡን ገለጠ። "ሁለቴ" አለ፤ አንገቱን ደፋ።

ቁርጥማት ነው ተብሎ ለሴትየዋ አስፕሪን ታዘዘላቸው፤ ለጣታቸውም የእንጨት ድጋፍ ተሠራ። ከስምንቱ ጣቶች አንዱ ከዓመት በኋላ ተጣመመ። ሰባቱ እስከ ዛሬ ወስፌ ይይዛሉ።

ከዚያ ወዲህ የሚመጡ ተማሪዎች ሁሉ ከመዝገቡ በፊት አግዳሚው ዘንድ ይላካሉ። መጀመሪያ ሰሞን እንደሻው እሷን አይቶ የአንዲቱን ሴት እጅ ሊስም ጎንበስ ቢል አግዳሚው በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። "አንተስ አትሳም" አለችው መስቱራ፤ "እጅህን ዘርጋና ጠብቅ። ራሷ ታስቀምጠው። አቀማመጧን እይ።" ቁርጥማት የሚመረመረው እንዲህ ነው ብላ አታውቅም። "ምስጋናቸውን አስጨርሷቸው፣ ከዚያ ስለ ሥራቸው ጠይቋቸው" ነው የምትለው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይህ ታሪኳ ሲጻፍ መስቱራ አንድ ነገር ብቻ እንዲቀር ለመነች። የራሷን ፍርሃት፣ ሁለቴ ዝም ማለቷንም ጻፉት አለች። የሴትየዋ ስም ግን ይቅር። ዛሬም እንዴት አደሩ ሲባሉ "አልሐምዱሊላህ" ነው የሚሉት፤ ሕመማቸውን ያነበበ ሰው ምስጋናቸውን ውሸት እንዳይለው።